ላልቶ ይነበብ

ሴትዮዋ ሰላም እንኳ ሳትል ገብታ የያዘችውን ትልቅ ፌስታል መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው። አስራ አራት ነጭ ጋዋን። ጠረጴዛው ላይ ለሱሪ የተሰመረ ግራጫ ጨርቅ ተዘርግቶ ነበር፤ ጋዋኖቹ ከነጠመኔው ጫኑት።

«ሰፊዋ ማለት አንቺ ነሽ?»

ስሙን ያወጣችው ራሷ ናት። ብሎጓንም ያለችው «ሰፊዋ» ነው። ላልቶ ሲነበብ ልብስ የምትሰፋ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ ወርዷን የሚናገር ነው፣ እሷም እግዜር ሳይሰስት የሰጣት፣ ከደጅ ስትገባ በጎን የምትገባ ሴት ናት። ሰው ሊቀልድባት ሳይነሳ ቀድማ ቀልዳ ገላግላዋለች። ያም ሆኖ ፊት ለፊት የሚጠራት ሰው አላልቶ ይሁን አጥብቆ የጠራት ጆሮዋን አቁማ ታዳምጣለች። ይቺ ሴትዮ አጥብቃ ነው የጠራቻት።

«ነኝ። ምን ሆንሽ?»

«አንዱን ልበሺው እስቲ።»

«እኔን አይበቃኝም።»

«ማንንም አይበቃም! እሱን ልነግርሽ ነው የመጣሁት።»

ሴትዮዋ ዕድሜዋን ሙሉ ቤቷ ተቀምጣ መጋረጃ ስትሰፋ የኖረች ናት። መጋረጃ ብብት የለውም፣ ወገብ የለውም፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ ቀጥ ብሎ ይመለሳል። ባለፈው ወር አንድ ክሊኒክ ለነርሶቹ ጋዋን ስፊልን አላት። እሷም አልችልም ማለት አሳፍሯት እሺ አለች፤ ከዚያም የልጇን ስልክ ይዛ ስትፈልግ ስትፈልግ የሰፊዋ ብሎግ ላይ «የጋዋን አሰፋፍ» የሚል አገኘች። አሳትማ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። እንደተጻፈው ቆረጠች፣ እንደተጻፈው ሰፋች። ዛሬ ጠዋት ነርሶቹ ሲለኩት አንዷ መቀመጥ አቃታት። ሌላዋ መድኃኒት ከመደርደሪያ ላውርድ ብላ እጇን ስታነሳ ብብቷ በቀዳዳ ብቅ አለ። ዋና ነርሷ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች።

«እስከ አርብ አስተካክለሽ ካላመጣሽ ለሌላ እንሰጣለን አሉኝ። ሰኞ ዛሬ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሲሰማ መጋረጃውንስ ከእንግዲህ ማን ያሰፋኛል? አንቺ ምን አለብሽ! ተቀምጠሽ ትጽፊያለሽ!»

ወረቀቱን ከጡቷ ስር አውጥታ ዘርግታ አሳየቻት። ጣቷን ያሳረፈችበት መስመር እንዲህ ይላል፦ «ጎኑ ከብብት አራት ጣት ወርዶ ይሰፋል።»

ሰፊዋ ወዲያው ገባት። ይሰፋል ላልቶ ሲነበብ እየሰፋ ይሄዳል፣ ሰፊ ይሆናል ማለት ነው፤ ጋዋን ከብብት በታች ካልሰፋ ሰው አይቀመጥበትም። ሴትዮዋ ግን አጥብቃ አነበበችው። መርፌ የሚገባው፣ የሚሰፋው ከአራት ጣት በታች ጀምሮ ነው ብላ አራቱን ጣት ክፍት ተወችው፣ ጎኑን እንደ መጋረጃ ቀጥ አድርጋ ቆረጠችው። ፊደላችን ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን አይለይም። ሰፊዋ ይሄን ስለምታውቅ ብሎጓ ላይ ሁለት ዓይነት ሊነበብ የሚችል ቃል ባለበት ሁሉ አጠገቡ በቅንፍ «ላልቶ ይነበብ»፣ «ጠብቆ ይነበብ» ብላ ትጽፋለች። አንባቢዎቿ ይስቁባት ነበር። ስቀው ግን በትክክል ይሰፉ ነበር፣ እሷም በዚህ አለም ላይ የምትኮራበት ነገር ቢኖር ይሄ ነው፤ በሷ ቃል ጨርቅ ቆርጦ የከሰረ ሰው አታውቅም። ወረቀቱ ላይ ቅንፍ የሚባል አልነበረም። ገጹን ከላይ እስከ ታች አየችው፣ አንድም የለም።

«ቅንፉ የት ሄደ?» አለች።

«እኔን ነው የምትጠይቂኝ? አራት ቀን ሙሉ አንቺን ልጠይቅ ስሞክር ነበር። እየሰፋሁ እንዲህ ጠባብ ሆነብኝ ምን ላድርግ ብዬ ልጽፍ ስል አስተያየት መስጫው ተዘግቷል ይለኛል። የሱቅሽን አድራሻ ከበሩ ፎቶ ላይ ነው አጉልቼ ያነበብኩት።»

ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ አወጣች። የሱሪው ባለቤት ዛሬ ቢመጣ ይመለሳል።

«ጋዋኖቹን ያዢ» አለች። «ይሄን ያደረገውን ሰው አሳይሻለሁ።»

ያደረገው ሰው የታናሽ እህቷ ባል ነው። ሰፊዋ ሙሽራው ትለዋለች። ከሰርጉ አስራ ዘጠኝ ዓመት ቢያልፈውም ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ እንኳ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጫማውን አብርቶ ነው። ማስታወቂያ ቤት ይሠራል። ከአምስት ወር በፊት እህቷ ቤት ተጋብዛ ሳለች ብሎጓን ከፍቶ አየና «እትዬ፣ ይዘቱ ግሩም ነው፤ አቀራረቡ ግን የገበያ ቀን ይመስላል» አላት። እህቷ ለመነቻት፣ እባክሽ እሱ ያሳምርልሽ፣ አንቺም ትንሽ ዕረፊ አለቻት። ለእህቷ ስትል እሺ አለች፣ ለሱ ስትል ቢሆን መርፌም አታበድረውም። በማግስቱ የይለፍ ቃሉን ቀየረው። ያበላሸችው ኮሌታ ፎቶ ወርዶ አበባ የያዘች ቆንጆ ልጅ ወጣች። «ዛሬ ያቃጠልኩት ሐር» የሚለው ርዕስ «ሐርን የሚያስውቡ አምስት ምስጢሮች» ሆነ። ሰፊዋ አንድ ቀን አየችው፣ ደሟ ፈላ፣ ከዚያ ወዲያ መክፈት ተወች። ያ መኩረፏ ነው ዛሬ ያስቀጣት።

ሦስተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለከች ወጣች። መጋረጃ ሰፊዋ ፌስታሏን ታቅፋ ከኋላዋ። በሩን የከፈተው ራሱ ሙሽራው ነው፤ ቤቱ ውስጥ ሆኖ ከረባት አስሯል።

«እንዴ እትዬ! ምነው፣ በደህና?»

«በደህና አይደለም። ቅንፎቼን የት ከተትካቸው?»

«ምኑን?»

«ቅንፍ! ላልቶ ይነበብ! ጠብቆ ይነበብ!»

«እ… እነሱን እንኳ አጸዳኋቸው። ዓይን ያደክማሉ፣ እትዬ። አንባቢ እንደ ተማሪ ሲታይ ደስ አይለውም። ደግሞ ውጤቱን ይመልከቱ እንጂ፣ በአምስት ወር ጎብኚው ሦስት እጥፍ ሆኗል።»

«ገብተው ምን ሰፉ?»

«ይቅርታ?»

«ሦስት እጥፍ ሆነው ገቡ አልክ። ምን ሰፍተው ወጡ? ይቺ አንዷ ጎብኚህ ናት።» ዞር አለች። «ልበሺለት።»

መጋረጃ ሰፊዋ ሳታመነታ አንዱን ጋዋን ልብሷ ላይ ደርባ እንደ ምንም ቆለፈችውና ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። በግራም በቀኝም ክፍት ነው። ልቀመጥ ብላ ስትሞክር ደግሞ ጎኑ ተንጣጣ። ከኩሽና ብቅ ያለችው የሰፊዋ እህት መጀመሪያ ሳቋ አመለጣት፣ ከዚያ የሴትዮዋን ፊት ስታይ አፏን በእጇ ያዘች።

«አስራ አራት ነው» አለች ሴትዮዋ፣ እጇን ሳታወርድ። «አስራ አራቱም እንዲህ ነው።»

ሙሽራው ከረባቱን ነካካ። «አንድ ቃል ነው እኮ። ከዐረፍተ ነገሩ መረዳት ይቻላል።»

«እኔ አልተረዳሁትም። ደንቆሮ ነሽ በለኛ!»

«እሺ ቃሉን ተወው» አለች ሰፊዋ። «አስተያየት መስጫውን ለምን ዘጋኸው? ይቺ ሴት አራት ቀን በሩን ስታንኳኳ ነበር።»

«ስድብ በዛ፣ እትዬ። ‹ሰፊዋ፣ ዛሬ ያንቺ ቀሚስ ስንት ሜትር ፈጀ› እያሉ… ለእርስዎ ክብር ስል ነው የዘጋሁት።»

«ስድቤን ማን ጠብቅልኝ አለህ? ጥያቄው እኮ ስድቡ መሃል ነው ያለው! የሚሰድበኝ ሰው ስድስት ወር ቆይቶ እጅጌው ሲጣመምበት እኔው ጋ ነው የሚመጣው! እንግዲያው በል፣ ዛሬ እናርማለን፣ ተሳስተናል ብለን ከላይ እንጽፋለን።»

«ማረሙን እናርማለን። ተሳስተናል ማለቱ ግን…» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ የክር ፋብሪካ ብሎጉ ላይ ማስታወቂያ ሊያወጣ እየተነጋገርን ነው። በዚህ ሳምንት እንከን አለብን ብለን ባንጽፍ ይመረጣል።»

ይሄኔ ነው እህቷ የገባችበት። ትንሽ ሴት ናት፣ ድምፅዋም ትንሽ ነው፣ ስትቆጣ ግን የበለጠ ዝግ ይላል እንጂ አይጮህም።

«አስራ ዘጠኝ ዓመት ቤቴ ውስጥ የነካኸው ሁሉ ሲበላሽ ዝም አልኩ» አለችው። «ሥራ ሦስቴ ስትቀይር ዝም አልኩ። እህቴ እናት ሆና ያሳደገችኝ ናት፣ ያላትም ይሄ ብቻ ነው፣ እኔ ነኝ ለምኜ የሰጠሁህ። አንድ የሷን ነገር እንኳ ደህና አድርገህ መያዝ አቃተህ? አፈርኩብህ። እውነቴን ነው፣ ሰው ፊት አፈርኩብህ።»

ሙሽራው ቀላ። ከዚያ ገረጣ። ወደ መጋረጃ ሰፊዋ ሄደና ዝቅ ብሎ «ይቅርታ ያድርጉልኝ እመቤቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አላት። አዲሱን የይለፍ ቃል በወረቀት ጽፎ ለሰፊዋ ሰጣት። ሲሰጣት አንገቱን ደፍቶ ነበር። ሰፊዋም አየችው፣ ደስም አላት፤ መደበቅ ምን ያስፈልጋል? አስራ ዘጠኝ ዓመት ስትጠብቀው የነበረ ደስታ ነው። ደረጃውን ስትወርድ ጉልበቷን እንኳ አላመማትም።

ማክሰኞ ጠዋት ሱቁ ተዘግቶ ሁለቱ ሴቶች ሥራ ጀመሩ። መፍትሔው አድካሚ ነው እንጂ ከባድ አይደለም። የተሰፋውን ጎን መፍታት፣ ከብብት እስከ ታች ድረስ ከላይ ቀጭን ከታች ሰፊ የሆነ ቁራጭ ማስገባት፣ መልሶ መስፋት። ነጩን ጨርቅ ሰፊዋ ከራሷ አወጣች። መጋረጃ ሰፊዋ ግን ፊቷ አልተፈታም። ሁለተኛው ማሽን ላይ ተቀምጣ ፔዳሉን እንደ ጠላት ትረግጠዋለች።

«ያቺን ነገር ጻፊው ግን» አለች ቀና ሳትል። «ሌላ ሰው ሳይቆርጥ።»

«አሁን እጽፈዋለሁ። ልክ ልኩን ነው የምነግረው።»

ሰፊዋ ካውያውን ነቅላ ስልኳን ይዛ ተቀመጠች። ሌሊቱን ርዕሱን ስታወጣ ነው ያደረችው፤ «ሙሽራ ሲገባ ቅንፍ ይወጣል» ልትለው ነው። ሐሳቧ የድሮውን ጽሑፏንና የሱን ጎን ለጎን አድርጋ ለአንባቢ ማሳየት ነው፣ ይኸው የኔ፣ ይኸው የሱ፣ ፍረዱን ብላ። ብሎጉ የእያንዳንዱን ጽሑፍ የቀድሞ ቅጂ ያስቀምጣል። ፈልጋ አገኘችው። ከሦስት ዓመት በፊት የጻፈችው፣ ከነፊደል ግድፈቱ፣ ከተጣመመው ፎቶ ጋር። ዓይኗን አሞጭሙጫ ወረደች። እጅጌው ጋ ቅንፍ አለ። ኮሌታው ጋ አለ። ቁልፉ ጋ ሁለት አለ። ሙሽራው እነዚህን ሁሉ እንደ ጉድፍ ለቅሟቸዋል።

ጎኑ ጋ ደረሰች። «ጎኑ ከብብት አራት ጣት ወርዶ ይሰፋል።» አራት ነጥብ። ከዚያ ቀጣዩ መስመር።

መልሳ አነበበችው። ከዚያ በፊት የነበረ ቅጂ ይኖር እንደሆነ ፈለገች፣ የለም። እዚያ ቦታ ላይ ቅንፍ ኖሮ አያውቅም። ሙሽራው ያላገኘውን ሊያጠፋው አይችልም።

የተዘጉትን አስተያየቶች ከፈተቻቸው፣ አሁን ለሷ ይታያሉ። ከታች ሦስተኛው ላይ አንድ ሰው «እትዬ ሰፊዋ፣ ይሰፋል ያልሽው ጠብቆ ነው ላልቶ?» ብሎ ጠይቋል። እሷም መልሳለች፦ «ላልቶ ነው የኔ ልጅ። ጋዋን ጠባብ ሆኖ ያውቃል እንዴ?» ሠላሳ አንድ ሰው አመስግኗታል። እሷም ምስጋናውን ተቀብላ ተቀመጠች። ከላይ ወጥታ ያቺን አንድ ቃል ማረም አልታያትም፣ ወይ ታይቷት ነገ ብላዋለች። ሙሽራው አስተያየቱን ሲዘጋ መልሷ አብሮ ተዘጋ።

መውጫ ነበራት። አንድ ብቻ ሳይሆን ሁለት ነበራት። አንደኛው፣ አስተያየቱን የዘጋው እሱ ነው፣ ባይዘጋው መጋረጃ ሰፊዋ መልሱን ታገኝ ነበር፣ ስለዚህ ጥፋቱ ያው የሱ ነው ብሎ መጻፍ። ውሸትም አይደለም። ሁለተኛው ከዚህም ይቀላል፤ ዝም ብሎ ቅንፏን አሁን ማስገባት። የድሮ ቅጂ ከፍቶ የሚያይ ማን አለ? እሱ እንደሆነ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ አንገቱን ደፍቷል። እህቷ አምናለች። ሴትዮዋ አምናለች። ሰፊዋ ይሄን ሁሉ አሰበችው፣ ደጋግማም አሰበችው፣ አውራ ጣቷም ቅንፉ የሚገባበት ቦታ ላይ ቆሞ ነበር።

ከዚያ ማን እንደሚያነበው አሰበች። መጋረጃ ብቻ ሲሰፋ የኖረ ሌላ ሰው፣ የሷን ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ መቀስ በእጁ ይዞ። ያ ሰው የሚያምናት አትሳሳትም ብሎ አይደለም። ስትሳሳት ትነግረኛለች ብሎ ነው። ይቺን ዛሬ ከደበቀች ነገ ሐሩን አቃጠልኩት ስትል ማን ያምናታል? ራሷስ?

ተሳደበች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ማሽኑም ቆመ።

«ምነው?» አለች ሴትዮዋ።

ሰፊዋ ያወጣችውን ርዕስ አጠፋችውና ጻፈች። የጋዋኑ መስመር ከሦስት ዓመት በፊት ጀምሮ ስህተት እንደነበረበት ጻፈች። አንባቢ ሲጠይቃት ከላይ ማረም ሲገባት ከታች መልሳ እንደተኛች ጻፈች። አስራ አራት ጋዋን በዚህ የተነሳ እንደተበላሸ፣ ጎኑን እንዴት ሰንጥቆ ማዳን እንደሚቻል በሴንቲሜትር ጻፈች። አስተያየት መስጫውን ከፈተች። መስመሩንም አስተካከለችው፣ በቅንፍ አይደለም፤ «ጎኑ ከብብት አራት ጣት ከወረደ በኋላ ወደ ታች ሰፊ እየሆነ ይሄዳል» አለችው። ይሄን ያህል ቀላል ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅንፍ ስትደረድር ሁለት ዓይነት የማይነበብ ቃል ለመፈለግ ሰንፋ ኖሯል። ጽሑፉን ብሎጉ ላይ አወጣችው።

ከዚያ ስልኩን ለሴትዮዋ አቀበለቻት። ሴትዮዋ መነፅሯን አውርዳ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«አሁን።»

«ታዲያ ያ ምስኪን ሰውዬ ትናንት እግሬ ላይ ሊወድቅ የደረሰው በምን ዕዳው ነው?»

ሰፊዋ ስልኩን መልሳ ተቀበለቻት።

«እኔን ይቅርታ አትጠይቂኝ» አለች ሴትዮዋ ወደ ማሽኑ ዞራ። «አንቺ ጨርቄን አስተካክዪልኝ። እሱን ጠይቂው።»

ደወለችለት። ለመጮህ እንጂ ለሌላ ነገር ደውላለት አታውቅም፣ እሱም ያንን ጠብቆ ነው ያነሳው፤ «አቤት እትዬ» ሲል ድምፁ ከወዲሁ ተኮራምቷል። ነገረችው። ሳታስጌጥ፣ በአጭሩ፣ ያቺ መስመር ከጥንቱም የኔ ናት፣ አንተ አልነካሃትም አለችው። ብሎጉ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ሰው ሁሉ ያየዋል አለችው። ሰፊዋ አመሰግናለሁ እትዬ፣ ግድ የለም እትዬ እንዲላት እየጠበቀች እንደሆነ ገባት፣ በዚህም ተናደደች።

«ለሰው ሁሉ ጻፍሽ» አለ ሙሽራው። በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንቺ ሲላት የመጀመሪያው ነው። «ለሚስቴስ ነገርሻት?»

መልስ ሳይጠብቅ ስልኩን ይዞ ወደ ሚስቱ ሄደ። የበር ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ ሹክሹክታ፣ ከዚያ የእህቷ ትንሽ ድምፅ።

«እትዬ? ስለ እሱ ከሆነ አታንሺብኝ። ከትናንት ጀምሮ አላናገርኩትም። ማታም እናቱ ቤት ሂድ ብዬዋለሁ፣ ሻንጣውን እያዘጋጀ ነው።»

«አናግሪው» አለች ሰፊዋ። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እሱ አይደለም።»

«ምን?»

«የኔ ጥፋት ነው። ቅንፉን አላጠፋውም፣ መጀመሪያውንም አልነበረም። ፊቱ ላይ ስትናገሪው ቆሜ የሰማሁት፣ ደስ ያለኝም እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ ማሽኗን አቁማ ታዳምጣለች። ሰፊዋ እህቷን በስሟ ጠራቻት፣ ሁለተኛም ጠራቻት፣ ስልኩ ግን ተዘግቶ ነበር።